ባዶ ጎተራና የተቆለፈ ጎተራ፦ ጥገኛ ተውሳኮች ደማችንን እንዴት እንደሚያጎድሉ

(በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ የተደረገ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ። ወንበር ያጣችሁ፣ ከፊት ሁለት ሦስት ቦታ አለ። ኑ፣ አትፍሩ። ዛሬ ደም አልቀዳም።

እኔ የላቦራቶሪ ሰው ነኝ። ዶክተር አይደለሁም። አስቀድሜ የምናገረው፣ ቆላ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነጭ ጋዎን የለበሰ ሁሉ "ዶክተር" ስለሚባል ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ዶክተር ተብዬ ኖሬያለሁ። የጽዳት ሠራተኛችንም እንደዚያው። የኔ ሥራ ጠብታ ደም ስላይድ ላይ ቀብቶ፣ በጊምዛ አቅልሞ፣ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ መዋል ነበር።

የምናወራው ስለ ደም ማነስ ነው። እኛ አገር "ደሜ ወረደ" የሚል ሰው ሁለት የተለያየ ነገር ሊል ይችላል። አንዱ የደም ግፊቱ ወርዷል። ሌላው ቀይ የደም ሴሉ አንሷል። ጎረቤት ግን ለሁለቱም ምክሩ ያው ነው፤ "ቀይ ሥር ብላ!" የዛሬው ጉዳያችን ሁለተኛው ነው።

አንድ ስሕተቴን ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው የክረምት ማብቂያ፣ የወባ ወቅት ነው፣ አንዲት እናት የአራት ዓመት ልጅ አዝላ መጣች። ስላይዱን አየሁት፤ ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ተውሳክ ሞልቶታል። መድኃኒት ተጀመረለት። በሦስተኛው ቀን እንደገና አየሁ፤ አንድም ተውሳክ የለም። ደስ አለኝ። እናቲቱን "በቃ ነጽቷል፤ ከእንግዲህ ደሙም ይመለሳል" አልኳት። ማን ጠይቆኝ! በሳምንቱ ስትመለስ የልጁ ሄሞግሎቢን፣ ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ቀይ ክፍል፣ ከመጀመሪያው ቀን ወርዶ አገኘሁት። እናቲቱ አየችኝና "ነጽቷል አላሉኝም ወይ ዶክተር?" አለች።

መልስ አልነበረኝም። ስላይድ አሳስቼ ይሆናል ብዬ ድጋሚ አየሁ። ንጹሕ ነው። ሽማግሌ የሥራ ባልደረባዬ ከኋላዬ ቆሞ "ወባውማ ሞቷል፤ መቅኔው ነው ያልነቃው" አለኝና ሻዩን ይዞ ወጣ። ያኔ አልገባኝም። ዛሬ የመጣሁት ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ላብራራላችሁ ነው።

እንግዲህ ወደ መቅኔው እንግባ። ቅልጥም የምትወዱ አትከፉብኝ፤ በአዋቂ ሰው ቅልጥም ውስጥ ያለው አብዛኛው ቢጫ ስብ ነው። ደም የሚሠራው ቀይ መቅኔ ያለው ደረት አጥንት፣ አከርካሪ፣ ጎድንና ዳሌ ውስጥ ነው። ሕፃናት ላይ ግን አጥንቱ ሁሉ ማለት ይቻላል ቀይ መቅኔ ነው።

አንድ ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ገደማ ይኖራል። ከዚያ ያረጅና ጣፊያና ጉበት ውስጥ ያሉ በላተኛ ሴሎች ይውጡታል። ስለዚህ በየቀኑ ከመቶ አንድ ያህሉ ይሞታል ማለት ነው። እሱን ለመተካት መቅኔያችን በሰከንድ ሁለት ሚሊዮን ያህል አዲስ ሴል ይሠራል። ቅድም "እንደምን አመሻችሁ" ብዬ እስክጨርስ እያንዳንዳችሁ ውስጥ ሁለት ሦስት ሚሊዮን ሴል ተወልዷል።

ይህን ሥራ በምጣድ ቤት መስሉት። ድግስ ያለበት፣ ምጣዱ ሌት ተቀን የማይወርድበት ቤት። አዛዡ ኩላሊት ነው። ኩላሊት በደም የሚመጣው ኦክስጅን እንዳነሰ ሲሰማው ኤሪትሮፖይቲን የሚባል ሆርሞን ይልካል፤ "ጨምሩ፣ እንግዳ በዝቷል" እንደማለት ነው። ዱቄቱ አይረን፣ ማለትም ብረት፣ ነው። እርሾው ቫይታሚን ቢ12ና ፎሌት ነው። ሊጡ ላይ ሆነው ሕፃናቱን ሴሎች የሚያሳድጉ ሞግዚቶችም አሉ፤ ወደነሱ እመለሳለሁ።

ከምጣዱ ትኩሱን የወጣ ሴል ገና ጮርቃ ነው። እኛ ሬቲኩሎሳይት እንለዋለን። አንድ ሁለት ቀን ደም ውስጥ ዞሮ ይበስላል። ጮርቃዎቹን ቆጥሬ መቅኔው እየሠራ ነው ወይስ ተኝቷል ማለት እችላለሁ። ደም የፈሰሰው ጤነኛ ሰው በቀናት ውስጥ ጮርቃው ይበዛል። ደሙ አንሶ ጮርቃውም ካነሰ ግን ምጣድ ቤቱ ውስጥ አንድ ችግር አለ።

አይረኑ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ያለሱ የቀረው አይገባም። በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው አይረን በጠቅላላ 3 ወይም 4 ግራም ነው። አንዲት ትንሽ ምስማር ብታህል ነው። መቅኔ በቀን ከ20 እስከ 25 ሚሊ ግራም ይፈልጋል። ከምግብ የሚገባው ግን 1 ወይም 2 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ቀሪው ከየት ይመጣል? ከሞቱት ሴሎች። በላተኛ ሴሎቹ ያረጀውን ይውጡና አይረኑን መልሰው ወደ ምጣድ ቤት ይልካሉ። የተረፈው ጎተራ ይገባል። ወንድ ጎተራው ውስጥ እስከ 1,000 ሚሊ ግራም ሊኖረው ይችላል። ሴት 300 ካላት ደህና ነው። ወር አበባና ወሊድ አለባትና።

አሁን ተውሳኮቹን እንጥራ። ጎተራውን ባዶ የሚያደርገው መንጠቆ ትል ነው፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ሁክዎርም የምንለው። አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ክር የምታህል ትል ናት። እጯ ሞቃትና እርጥብ አፈር ውስጥ ትቆይና በባዶ እግር ቆዳ በኩል ትገባለች። በደም ሥር ወደ ሳንባ፣ ከሳንባ ወደ ጉሮሮ፣ ከዚያ ተውጣ ትንሹ አንጀት ውስጥ ትሰፍራለች። ግድግዳውን ነክሳ ደም ትጠጣለች።

በቆዳ እንደምትገባ የታወቀው በአደጋ ነው። አርተር ሎስ የሚባል ጀርመናዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ካይሮ ውስጥ ሲሠራ፣ እጭ ያለበት ውሃ እጁ ላይ ተደፋበት። ቦታው አሳከከው። ቆይቶ የራሱን ሰገራ ሲመረምር የትሏን እንቁላል አገኘ። እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ "ጓንት አድርጉ" ስንባል ይህ ሰውዬ ትዝ ይለኛል።

ይህች ትል ምን ልታደርግ እንደምትችል የታየው ደግሞ ቆላ ውስጥ ሳይሆን በረዶ መሃል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1872 እስከ 1882 ስዊዘርላንድ ውስጥ በጎታርድ ተራራ ሥር 15 ኪሎ ሜትር የባቡር ዋሻ ተቆፈረ። ቆፋሪዎቹ አብዛኞቹ ጣሊያናውያን ነበሩ። ውጭ ብርድ ነው። ዋሻው ውስጥ ግን ይሞቃል፣ ያረጥባል፣ ሽንት ቤት የሚባል የለም። ቆላን ተራራ ሥር ፈጠሩት ማለት ነው። ጎረምሶቹ ይገረጡ ጀመር። ትንሽ ሲራመዱ ያለከልካሉ። የሞቱም አሉ። "የዋሻው አየር መጥፎ ነው" ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1880 የቱሪኑ ኤዶአርዶ ፔሮንቺቶ ነገሩ መንጠቆ ትል መሆኑን አሳየ። የሚገርመኝ፣ "ማላሪያ" የሚለው ቃል ራሱ በጣሊያንኛ "መጥፎ አየር" ማለት ነው። ሰው ምክንያቱን ሲያጣ አየሩን ይከሳል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ከሁለቱ ዋና ዝርያዎች ትንሿ፣ ኔካቶር፣ በቀን ከ0.03 እስከ 0.05 ሚሊ ሊትር ደም ታስወጣለች። ምንም አይደለም። መቶ ትል ያለበትስ? በቀን 4 ሚሊ ሊትር። የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ግን በአንድ ሚሊ ሊትር ጤነኛ ደም ውስጥ ግማሽ ሚሊ ግራም አይረን አለ። ስለዚህ በቀን 2 ሚሊ ግራም ወጣ። የሚገባው ስንት ነበር? 1 ወይም 2። አንጀት ከፈሰሰው ከፊሉን መልሶ ይመጠዋል፤ ቢሆንም ሒሳቡ አይዘጋም። በቀን 1 ሚሊ ግራም ብቻ ብትጎድል፣ 300 ያላት ሴት በዓመት ውስጥ ጎተራዋ ይራገፋል። ሁለተኛዋ ዝርያ አንኪሎስቶማ ደግሞ ከዚህ አራት አምስት እጥፍ ትጠጣለች።

መቅኔው እዚህ ላይ ጥፋት የለበትም። ትእዛዙ ደርሶታል፣ ምጣዱ ግሏል፣ ዱቄት ግን የለም። ስለዚህ ያለውን አሳስቶ ይጋግራል። በማይክሮስኮፕ ሳየው ሴሉ ትንሽ ነው፣ መሃሉ ነጥቷል፣ ጠርዙ ብቻ ቀላ ብሎ ቀለበት ይመስላል። ነገሩ ዝግ ብሎ ስለሚመጣ ሰውየው ይለምደዋል። ሄሞግሎቢኑ 5 ሆኖ እንጨት ተሸክማ የመጣች ሴት አይቻለሁ። "ትንሽ ይደክመኛል" ነው ያለችኝ።

ሕክምናው ቀላል ነው። አልበንዳዞል 400 ሚሊ ግራም፣ አንድ ኪኒን። ግን ትሉን ገድለህ አይረን ካልሰጠህ ጎተራው ባዶ እንደሆነ ይቀራል። አይረን ሰጥተህ ትሉን ካልገደልክ ደግሞ በቀዳዳ ከረጢት እህል መስፈር ነው።

አሁን ወደ ወባ። ያ ልጅ ወዳለበት።

ብዙ ሰው ወባ ደም የሚያሳንሰው ሴሎቹን እያፈነዳ ነው ብሎ ያስባል። እውነት ነው፣ ያፈነዳል። ተውሳኩ ቀዩ ሴል ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ፋልሲፓረምና ሌላው የወባ ዝርያ ቪቫክስ በ48 ሰዓት ገደማ ሴሉን ቀድደው ይወጣሉ። ግን እንደገና ሒሳብ እንሥራ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ስላይድ ላይ ከመቶ ሴል አንዱ ተይዟል እንበል። ይህ ቀላል ወባ አይደለም። ሁሉም በሁለት ቀን ውስጥ ቢፈነዱ በቀን ከሁለት መቶ ሴል አንዱ ሞተ ማለት ነው። ጤነኛ ሰው ራሱ በእርጅና ብቻ በቀን ከመቶ አንድ ያህል ይሞትበት የለም ወይ? ታዲያ ልጁ ሄሞግሎቢኑ ከ11 ወደ 5 እንዴት ወረደ?

ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ ያልተያዙት ሴሎችም ያልቃሉ። ጣፊያ በወባ ጊዜ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ጤነኛውንም በጥርጣሬ ይውጣል። ፋልሲፓረም ላይ አንድ የተያዘ ሴል ሲጠፋ ስምንት ያህል ያልተያዙ አብረው እንደሚሄዱ የገመቱ ጥናቶች አሉ። ከጥፋተኛው ይልቅ ጎረቤቱ ነው የሚያልቀው።

ሁለተኛው የባልደረባዬ ነገር ነው፤ መቅኔው ይተኛል። ደም እንዲህ እያነሰ ጮርቃ ሴል መብዛት ሲገባው ይቀንሳል። ለምን?

አንዱ ተጠያቂ ጥቁር አቧራ ነው። የወባ ተውሳክ ሄሞግሎቢን ይበላል። ሲበላ የሚተርፈው ሄም፣ አይረን ያዘለው ክፍል፣ ለራሱም መርዝ ነው። ስለዚህ ጠቅልሎ ሄሞዞይን የሚባል ጥቁር ቡናማ ክሪስታል ያደርገዋል። (ክሎሮኪን የሚባለው የወባ መድኃኒት የሚገድለው ይህን መጠቅለሉን ከልክሎ ነው፤ ተውሳኩ በራሱ ጉድፍ ይመረዛል።) ፈረንሳዊው ሐኪም ላቬራን እ.ኤ.አ. በኅዳር 1880 አልጄሪያ፣ ኮንስታንቲን ውስጥ ተውሳኩን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ይህን ጥቁር ነገር ሲከታተል ነው። እኛም እስካሁን ስላይድ ስናነብ ዓይናችን ቀድሞ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ሴሉ ሲፈነዳ ሄሞዞይኑ ይበተናል፤ በላተኛ ሴሎች ይውጡታል፤ መቅኔ ውስጥም ይከማቻል። በዚያ ጥላሸት ዙሪያ ያሉ ሕፃናት ሴሎች በደንብ አያድጉም። ቅርጻቸው የተበላሸ፣ ኒውክለሳቸው የተቆራረጠ ሆነው ከምጣዱ ሳይወጡ ይሞታሉ። ወባው ከሞተ በኋላም ጥላሸቱ ወዲያው አይጠረግም።

ሁለተኛው ተጠያቂ ራሳችን ነን። ሰውነት ተሕዋስ ሲገባበት አይረኑን ይደብቃል። ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ይለቅና በአንጀትና በበላተኛ ሴሎች ላይ ያለውን የአይረን በር ያዘጋል። ከምግብ አይገባም፤ ከሞቱት ሴሎችም አይመለስም። ጎተራው አለ፣ እህሉም አለ፣ ቁልፉ ግን ጠፍቷል። ይህ ሆርሞን የታወቀው በቅርቡ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 እና 2001 አካባቢ። እኔ በተማርኩበት ደብተር ላይ ስሙ የለም።

ልዩነቱን ያዙልኝ። መንጠቆ ትል ጎተራውን ባዶ ያደርገዋል። ወባ ይቆልፈዋል። ከውጭ ስታዩት ሁለቱም የገረጣ ልጅ ነው። የዓይኑን ሽፋን ገልብጠህ ብታይ ሁለቱም ነጭ ነው። አንዱ አይረን ሲሰጠው በሳምንት ይነቃል። ለሌላው ግን መጀመሪያ ትኩሳቱ መውረድ አለበት፤ በሩ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ ቪቫክስ አንድ ቃል። ከአፍሪካ አገሮች ብዙዎቹ ቪቫክስን እምብዛም አያውቁትም። ኢትዮጵያ ግን ከፋልሲፓረም ቀጥሎ ድርሻው ትልቅ ነው። "ቀላሉ ወባ" ይሉታል። እኔ አልስማማም። ቪቫክስ መርጦ የሚገባው ጮርቃው ሴል ውስጥ ነው። ከምጣዱ ትኩሱን ሲወጣ ይቀበለዋል። ጮርቃ ጥቂት ስለሆነ ስላይድ ላይ ተውሳኩ ጥቂት ይመስላል፤ ደሙ ግን ያንሳል። ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ ስለሚነሳም ልጁ አገግሞ ሳይጨርስ ይመለስበታል።

መቅኔ ለወባ መደበቂያም ነው። ማላዊ ውስጥ በወባ በሞቱ ሕፃናት ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ ወደ ትንኝ የሚተላለፉት የፋልሲፓረም ቅርጾች እስኪበስሉ መቅኔ ውስጥ እንደሚቀመጡ አሳይቷል። ከጣት የተወሰደ ደም ላይ አይታዩም። እኔ "ነጽቷል" ስል ያነጻሁት ጣቱን ብቻ ነበር።

ሦስተኛው ተውሳክ ምጣድ ቤቱ ውስጥ ገብቶ ይኖራል። ካላዛር ነው። መተማና ሑመራ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ የተመለሰ ሰው ስሙን ያውቀዋል። ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ታስተላልፈዋለች። ዝንቧ ግራር ሥርና በዋልካ አፈር ስንጥቅ ውስጥ ትውላለች። ትኩሳቱ ሳምንታት ይቆያል፣ ሰውየው ይከሳል፣ ግራ ጎኑ በጣፊያ ይወጠራል። እ.ኤ.አ. በ2005 ደቡብ ጎንደር፣ ሊቦ ከምከም ላይ ብዙ ሰው ሲታመም መጀመሪያ የተጠረጠረው መድኃኒት የለመደ ወባ ነበር። ካላዛር ሆኖ ተገኘ።

ቅድም ሞግዚቶች አሉ ብዬ ነበር። መቅኔ ውስጥ አንድ በላተኛ ሴል መሃል ይቀመጣል፤ ሕፃናቱ ቀይ ሴሎች ዙሪያውን ይከቡታል። ያበላቸዋል፤ ኒውክለሳቸውን ሲጥሉም ጠርጎ ይውጠዋል። ጫጩቶቿን የታቀፈች ዶሮ አስቡ። የካላዛር ተውሳክ ሊሽማኒያ የሚኖረው የት ነው? እዚያው በላተኛ ሴል ውስጥ! በሽታውን ለማረጋገጥ ከመቅኔ ወይም ከጣፊያ በመርፌ ናሙና የሚወሰደውም ለዚህ ነው። ስላይዱ ላይ ሞግዚቷ ሆዷን በነጠብጣብ ሞልታ ታያታላችሁ። ጣፊያውም እያበጠ የተሠራውን ይውጣል። ካላዛር በቀዩ አይቆምም። ነጩ ሴልና ደም አርጊው ፕላትሌትም ይወርዳል። ስለዚህ ሰውየው ይገረጣል፣ ሌላ ኢንፌክሽን ይይዘዋል፣ ይነስረዋል።

ቀሪዎቹን ቶሎ ቶሎ። ቢልሃርዝያ ከአንጀትና ከፊኛ ደም ያፈሳል፤ ቁጣውም ሄፕሲዲንን ይጨምራል። (እንዶድና ዶክተር አክሊሉ ለማ ራሳቸውን የቻሉ ንግግር ናቸው፤ ዛሬ አልነካቸውም።) ጅራፍ ትል ብዙ ሲሆን ልጆች ላይ ደም ያሳንሳል። ከብት ያላችሁ ገንዲ የሚባለውን የተውሳክ በሽታ ታውቁታላችሁ፤ በሬው ቢበላም የሚከሳ፣ ድዱ የሚነጣ። እሱም በመጀመሪያ ደም ያፈርሳል፤ ሲቆይ መቅኔው መልስ መስጠት ያቅተዋል።

እርሾ የሚሰርቅም አለ። ያልበሰለ የወንዝና የሐይቅ ዓሣ በሚበላበት አገር፣ ለምሳሌ ድሮ ፊንላንድ፣ የዓሣ ኮሶ የሚባል ረጅም ትል አለ። ይህ ትል ደም አይጠጣም። አንጀት ውስጥ ተቀምጦ ቫይታሚን ቢ12 ይሻማል። ቢ12 ሲያልቅ ሴሉ ያድጋል እንጂ አይከፋፈልም። ሊጡ ሳይቦካ የተጋገረ ይመስል፣ ስላይድ ላይ ሴሎቹ ትልልቅና ጥቂት ናቸው። በትሉ ከተያዙት እዚህ ደረጃ የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው።

ጥያቄዎች አሉ መሰለኝ።

አንድ አባት፦ "ልጄ፣ የኛ ኮሶስ? ቁርጥ ስንበላ የሚይዘን?"

አባባ፣ ደስ የሚል ዜና ነው። የከብቱ ኮሶ ደም አይጠጣም፤ ቢ12 ላይም እንደ ዓሣው አይደለም። በስም የከበረው እሱ ነው፤ በደም ላይ የሚሠራው ጉዳት ግን ከመንጠቆ ትል ጋር አይወዳደርም። ቁርጡን ብሉ ማለቴ ግን አይደለም።

አንዲት እናት፦ "ቀይ ሥር ደም አይሆንም ነው የምትለን?"

የቀይ ሥር ቅላት የተክል ቀለም ነው፤ አይረን አይደለም። ጥሩ አትክልት ነው፣ ይብሉት። አይረን ከፈለጉ ግን ጉበት፣ ቀይ ሥጋ፣ ምስር ይሻላል። ቡናውን ደግሞ ከምግቡ ጋር አያስከትሉት፤ አንድ ሁለት ሰዓት ያቆዩት። ቡናና ሻይ አይረኑን አስረው ይይዙታል።

አንድ ተማሪ፦ "ጤፍ አይረን ሞልቶታል ይባላል። ታዲያ ለምን ደም ያንሰናል?"

ከጤፉ አይረን ከፊሉ የአውድማ አፈር ነው። በበሬ ሲወቃ ይገባል። መሣሪያ ይቆጥረዋል፤ አንጀት ግን እምብዛም አይወስደውም። ማቡካቱ ይረዳል፤ አይረን የሚያስረውን ፋይቴት ይቀንሳል። የኛን አገር ቁጥር ካነሳህ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 እስከ 59 ወር ካሉ ሕፃናት 57 በመቶው ደም አንሷቸው ተገኝቷል። ሁሉም የተውሳክ አይደለም፤ ምግቡም፣ ተደጋጋሚ ተቅማጡም አለበት።

አንዲት ወጣት፦ "እንግዲያው ለልጆች ሁሉ አይረን ማደል አይቀልም?"

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ያሰቡትም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1978 በሶማሌ አርብቶ አደሮች ላይ የተደረገ ጥናት ታተመ። አይረን ያነሳቸው ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ አይረን ወሰዱ፣ ግማሾቹ አልወሰዱም። ካልወሰዱት መካከል 7 ጊዜ ኢንፌክሽን ታየ። ከወሰዱት ግን 36 ጊዜ። ተኝቶ የነበረ ወባም ተነሳ። ከዚያ ዛንዚባር አጠገብ ባለችው ፔምባ ደሴት ትልቅ ሙከራ ተደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ታተመ። ወባ በበዛበት በዚያ ቦታ፣ አይረንና ፎሌት በተሰጣቸው ሕፃናት ላይ ሆስፒታል መግባት ወይም ሞት በ12 በመቶ ገደማ ጨምሮ ተገኘ። በትክክል አይረን ያነሳቸው ልጆች ግን፣ ወባቸው ተመርምሮ በጊዜ ሲታከም፣ ተጠቀሙ። ስለዚህ ዛሬ ወባማ አካባቢ አይረን የሚሰጠው ከወባ መከላከልና ሕክምና ጋር ተያይዞ ነው። የተቆለፈ ጎተራ ላይ እህል ብትደፊ ደጅ ላይ ይቀራል፤ ደጅ ያለውን ደግሞ ተሕዋሱም ይበላዋል።

ሌላ? እሺ፣ እዚያ ከኋላ።

"ያ ልጅስ? ምን ሆነ?"

አዎ፣ ልጁ። በሁለተኛው ሳምንት እናቲቱ ይዛው መጣች። ወደኔ ሳይሆን ወደ ሽማግሌው ነው የሄደችው፤ አልፈርድባትም። እሱ ደሙን ቀዳና ስላይዱን ወደኔ ገፋ አደረገው። "አንተ እይ" አለኝ። አጎነበስኩ። ተውሳክ የለም። በየመስኩ ግን ሰማያዊ ጣል ያለባቸው ትልልቅ ጮርቃ ሴሎች ተበትነው አየሁ፤ ሦስት እዚህ፣ አራት እዚያ። ሄሞግሎቢኑ ገና 7 አልሞላም። ልጁ ግን ወንበሩ ሥር ገብቶ የሬጀንት ካርቶን ይቀድድ ነበር።

እናቲቱ "እንግዲህ ነጻ ልበል?" አለች።

"በሳምንቱ ይመለሱ፣ እንደገና እናየዋለን" አልኳት።